ጭላሎን ለመውጣት የት እንረፍ?

እናቴ ተራራ ልትወጣ እንደሆነ የተሰማ ጊዜ ሰፈሩ ሳቀ። ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ ነበርኩ። ማን አፉን በነጠላ ሸፍኖ እንደሳቀ፣ ማን ሆዱን ይዞ እንደሳቀ ዛሬም አንድ በአንድ መናገር እችላለሁ። አልረሳሁላቸውም።

ነገሩ የተነሳው በሱሪ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አሰላ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አቁማ ከጠዋት እስከ ማታ ስትረግጥ ትውል ነበር። ከጨርቁ ቀና ባለች ቁጥር ከጣራዎቹ በላይ ጭላሎ ተገትሮ ይታያታል። ከሶዶ በሙሽርነት ከመጣች ጀምሮ ያንን ተራራ ስታየው ኖራለች እንጂ እግሯን አሳርፋበት አታውቅም።

አንድ ቀን፣ አካባቢያችን ከነበሩት የውጭ አገር የእርሻ ባለሙያዎች የአንዱ ሚስት ወፍራም ጨርቅ ይዛ መጣችና ሱሪ እንድትሰፋላት ጠየቀቻት። ጉልበቱ ላይ ድርብ እንዲሆን ፈለገች። እናቴ ወገቧን እየለካች፣ "ለምንሽ ነው?" አለቻት።

"ተራራ" አለች ፈረንጇ በጣቷ እያሳየች።

"እዚያ ምን አለሽ?"

"ምንም የለኝም። እወጣለሁ፣ አያለሁ፣ እመለሳለሁ።"

እናቴ በከንፈሮቿ መሃል ይዛው የነበረውን መርፌ አወጣችና፣ "እኔም እወጣለሁ" አለች።

በረንዳው ላይ ተራዋን የምትጠብቅ የአንድ ሹም ሚስት ነበረች። ከት ብላ ሳቀች። "አንቺ ደግሞ! ሀበሻ ተራራ የሚወጣው ወይ ከብት ጠፍቶበት ነው፣ ወይ ሸፍቶ ነው። አንቺ የትኛዋ ነሽ?"

"እኔ ከብት የለኝም" አለች እናቴ።

በዚያው ሳምንት ካኪ ጨርቅ አምጥታ ሦስት ሱሪ ሰፋች፤ ለራሷ፣ ለእኔና ለታናሽ እህቴ። ጉልበታቸው ሁሉ ድርብ ነበር። ሰው እንዲያይላት ብላ በረንዳው ላይ ሰቀለቻቸው። ዛሬም ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ዘመዶች አሉኝ። ያጨማድዱ።

አባቴ የእህል መኪና ሹፌር ነበር። በበጋ ከበቆጂና ከኢተያ ስንዴና ገብስ እየጫነ ናዝሬት ያደርሳል፤ ክረምት ሲገባ ግን ከአሰላ በላይ ያለው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን መኪናው ይቆማል፤ እሱም ቤት ይውላል። ዝምተኛ ሰው ነበር። ማንንም አይቃወምም፤ በተለይ ያሳደገውን ታላቅ ወንድሙን። ሱሪዎቹን ተሰቅለው ሲያይ አልተቆጣም፣ አልሳቀም። ቁጭ ብሎ ሻዩን ጠጣና፣ "የት ነው የምናርፈው?" ብሎ ጠየቀ።

እኔና እህቴ ጮቤ ረገጥን። "የት ነው የምናርፈው" ማለት እሺ ማለት ነበር።

"ከዚሁ ከቤታችን ተነስተን ብንሄድስ?" አለ አባቴ። "ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን።"

"ማታ ገብቼ ወጥ ልሠራ?" አለች እናቴ። "ቤቴ ካደርኩማ የት ሄድኩ? ተራራው በር ላይ የሆነ ቤት ፈልግልኝ። ጣራው አያፍስስ፣ ውሃና ማገዶ ይኑረው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አባቴ የአርሲን መንገድ ሁሉ ያውቃል። ዓይኑን ጨፍኖ ከተሞቹን እየቆጠረ አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር። አቦምሳ ሞቃት ነው፣ ክረምት የሚያልፈው እዚያ ነው አለ። እናቴ፣ "ተራራ ልወጣ ቆላ ትወስደኛለህ?" አለችው። ኢተያ ሜዳ ነው፤ ስንዴውና ትራክተሩ ብቻ ነው ያለው። በቆጂ ግን ወንድሙ ነበሩ፤ ሱቅ ያላቸው፣ ሰፊ የጣውላ ቤት የሠሩ፣ በደብሩ ሽማግሌዎች ዘንድ የተከበሩ ሰው። "እዚያ ማገዶውም አለ፣ ፍራሹም አለ" አለ አባቴ። "ተራራም በዙሪያው ሞልቷል።" እናቴ ፊቷ ባይፈታም እሺ አለች።

የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ በሐምሌ በአንድ ላንድሮቨር ተሳፍረን ሄድን። ከኋላ ጎን ለጎን ተጣብቀን፣ በየገደሉ አፋፍ ወንዶቹ ወርደው እየገፉ፣ ጭቃ ፊታቸው ድረስ እየተረጨ ደረስን። የበቆጂ ብርድ ከአሰላው ብርድ የተለየ ነው፤ ጥርስ ስር ይገባል። አጎቴ በር ላይ ወጥተው ተቀበሉን። በግ ታርዶ ነበር። እሳት ተቀጣጥሎ ነበር። ለአንድ ሌሊት ተደሰትን።

በማግስቱ ጠዋት እኔና እህቴ ሱሪያችንን ለብሰን ወደ ሳሎን ብቅ ስንል አጎቴ የያዙትን ኩባያ አስቀመጡ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የመንገድ ልብስ ነው፣ ጋሼ" አለች እናቴ። እሷም ለብሳለች።

አጎቴ እሷን አላዩም፤ አባቴን ነው ያዩት። "ስማኝ ወንድሜ። አንተ ተራራ ማየት ካማረህ በቅሎም መንገድ መሪም እሰጥሃለሁ። ሴቶቹ ግን ከባለቤቴ ጋር ይቀመጡ። እንግዳ ይጠይቁ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳሙ። የወንድሜ ልጆች ሱሪ ለብሰው በከተማው መሃል አያልፉም። እኔ በዚህ አገር ስም ያለኝ ሰው ነኝ።"

"ጋሼ፣ እኔ ለማየት ነው የመጣሁት" አለች እናቴ።

"ምን ልታዪ? ድንጋይ ልታዪ? ድንጋይ ደጄ አለ፤ ወጥተሽ እዪ።"

አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እናቴ ጠበቀችው። በጣም ጠበቀችው። ምንም ሳይል ሲቀር ተነስታ ዕቃችንን ማሰር ጀመረች።

የአጎቴ ሚስት ብርድ ልብሳችንን ልታግዘን ጓዳ ተከትላን ገባች። በሩን ገፋ አድርጋ የሱሪዬን ጨርቅ በሁለት ጣቶቿ ያዘችና፣ "ይሞቃል?" አለች በሹክሹክታ። "ይሞቃል" አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወጣች።

አጎቴ በር ድረስ ተከትለው መጡ። "በዚህ ዝናብ የት ልትሄዱ ነው?"

ይህን ጊዜ አባቴ ቀስ ብሎ፣ "ከሳጉሬ ወዲያ ጭላሎ እግር ስር አንዲት ሴትዮ አውቃለሁ" አለ። እናቴ ዞር ብላ አየችው። እኔም አየሁት። ይህን ቤት ለካ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቡ ይዞት ኖሯል።

"ጭሰኛ ቤት? እስላም ቤት?" አሉ አጎቴ። "ምን ልትበሉ?"

"ገብስ" አለች እናቴ። "ገብስ ሃይማኖት የለውም፣ ጋሼ።"

ዝናቡ ውስጥ ወጣን። ላስቲክ ለብሰን፣ ዕቃችንን ተሸክመን፣ በበቆጂ ዋና መንገድ መሃል ለመሃል፣ ሱሪያችንን እንደለበስን አለፍን። ሰው በየሱቁ በር ቆሞ ተመለከተን። እህቴ አፍራ ከእናቴ ኋላ ልትሸሸግ ስትል እናቴ እጇን ይዛ ወደ ፊት ጎተተቻት። "ቀና በይ" አለቻት። ቀና አልን። እስከ ዛሬ ስራመድ አንገቴን የማልደፋው በዚያ መንገድ ስለተማርኩ ይመስለኛል።

ከከተማው ዳር የተሳፈርንበት ላንድሮቨር ከሳጉሬ ወዲያ መንገድ ላይ አወረደን፤ ከዚያ በስተቀኝ ወደ ላይ፣ በገብስ ማሳዎች መሃል በሚሄድ ቀጭን መንገድ ወጣን። አባቴ ስለ ሴትዮዋ የነገረን እየሄድን ነው። አንድ ጊዜ ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞበት ሳለ አሳድረውት ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸውን ድረዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። ሰዉ ሁሉ አዴ ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ እናቴ እንደማለት ነው። ቤታቸው የመጨረሻው ቤት ነው፤ ከእሱ በላይ ጫካ ብቻ ነው ያለው።

አዴ ከበራቸው ላይ ቆመው ስንመጣ አዩን። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። አባቴን ለይተው አወቁት፤ ግን እንደጠበቅነው "ኮታ" ብለው፣ ግቡ ብለው አልጠሩንም። ዕቃችንን አዩ፤ ሱሪያችንን አዩ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ "ለፈ ሰፈሩ ዱፍተኒ?" አሉ። እኔ ኦሮምኛ ከሰፈር ልጆች ተምሬ ስለነበር ገባኝ፤ መሬት ልትለኩ መጣችሁ? ማለታቸው ነው።

በዚያ ዘመን ጥያቄው የዋዛ ጥያቄ አልነበረም። በታችኛው ሜዳ ባለመሬቶቹ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከነልጆቹ ያስነሱ ነበር። ትራክተሩ ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ ከከተማ ሰው ይመጣል፤ ቆሞ ያያል፣ ይለካል፣ ይሄዳል። አባቴ ለመሐላ እጁን አንስቶ ማስረዳት ጀመረ። እሱ ሲያስረዳ ጎረቤቶች ዱላቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው ጠና ያለ፣ ፈረስ የሚስብ ሰው፣ "ከተሜ ተራራ ለምን ይወጣል? ልጅስ ይዞ በክረምት?" አለ። አባቴ ላስረዳ ባለ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ውሸት ይመስል ነበር።

እናቴ ብርድ ልብስ ልታወጣልን ከረጢቷን ስትከፍት የልብስ መለኪያ ሜትሯ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። ቢጫ፣ ቁጥር ያለበት፣ እንደ እባብ የተጠቀለለ። ከእጇ የማይለያት ዕቃ ስለነበር ሳታስበው ይዛው መጥታለች።

ባለፈረሱ ሰው በዱላው ጫፍ እያሳየ፣ "ይኸው!" አለ።

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ግን ሜትሩን ከጭቃው አነሳች፤ በሱሪዋ ጠረገችው፤ በቀጥታ ወደ አዴ ሄደች። ሳትጠይቃቸው ከትከሻቸው እስከ ትከሻቸው ዘረጋችው። ከዚያ ክንዳቸውን ለካች፤ ከዚያ ከአንገታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተንበርክካ ለካች። አዴ ሳይነቃነቁ ቁልቁል ያዩዋት ነበር።

"ንገሪያቸው" አለችኝ እናቴ፣ እንደተንበረከከች። "እኔ የምለካው ሰው ነው በያቸው። መሬት ለክቼ አላውቅም።"

ነገርኳቸው። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ዱላ የያዙት ሁሉ እንዲሰሙ።

መጀመሪያ የሳቁት አዴ ናቸው። ያ ሳቅ የሰፈራችን ዓይነት አልነበረም። "ለእኔ ከተወለድኩ ልብስ ተለክቶ ተሰፍቶልኝ አያውቅም" አሉ። ባለፈረሱ ሰው ዱላውን ወደ ትከሻው መለሰ። "ኮታ" አሉ አዴ። ገባን።

ማረፊያችን በዚህ ዓይነት ተመረጠ። ጣራው የሣር ነበር፤ አያፈስም። ከጉረኖው የሚለየን የቀርከሃ ግድግዳ ነበር፤ ሌሊት የከብቶቹ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ከገብሱ ወዲያ ጽድ፣ ከጽዱ ወዲያ ኮሶ፣ ከዚያ በላይ ደመና። አጎቴ ቤት ስለነበረው ፍራሽ አንዳችንም አላነሳንም።

በየቀኑ እንወጣለን። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስለሚጀምር ገና ሲነጋ ተነስተን፣ ጭኮ በጨርቅ ቋጥረን እንሄዳለን። የአርሲ ጭኮ፣ ገብስ በቅቤ የታሸ፣ አንድ እፍኝ ከበሉ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አንድ ቀን እስከ ጫካው ጫፍ፣ ሌላ ቀን እስከ አስታው ቁጥቋጦ፣ ዝናቡ መንገዱን እስኪዘጋብን። ማታ እናቴ ከአዴ ጋር እሳት ዳር ተቀምጣ በእጇ ትሰፋለች፤ ከሳጉሬ ገበያ ያመጣችው ጥቁር ጨርቅ ነበር። ሁለቱ በሁለት ቋንቋ ያወራሉ። እኔ እያስተረጎምኩ ስደክም እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እነሱ ግን ያለእኔም ይቀጥላሉ።

የመጨረሻውን ጫፍ ለመውጣት በተነሳንበት ጠዋት አዴ አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። "እኔም እመጣለሁ" አሉ። "ከከብት ኋላ እንጂ ለራሴ ብዬ ወጥቼ አላውቅም።" ባለፈረሱ ጎረቤታችን እህቴን ፈረሱ ላይ አስቀምጦ እየሳበ ተከተለን። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች እንደ ሰው ተገትረው እስከቆሙበት ድረስ ፈረሱ ወጣ፤ ከዚያ በላይ ድንጋይ ሆነ። እህቴ ከሰውዬው ጋር ትቅር ቢባል አሻፈረኝ ብላ ወርዳ በእግሯ ቀጠለች።

ጉሙ ወረደብን። ከጉሙ ውስጥ በረዶ መጣ፤ ፊታችንን እንደ ጠጠር ይመታን ጀመር። አባቴ ቆመ። "ይበቃል፣ እንመለስ።"

"አንተ ልጆቹን ይዘህ ውረድ" አለች እናቴ ሳትቆጣ። "እኔ ደርሼ እመጣለሁ።"

አባቴ እሷን አየ፤ እኛን አየ። እህቴ የአዴን እጅ ይዛ አልፋው ሄደች። እኔም አለፍኩት። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዬ የጫማውን ኮቴ ሰማሁ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ የምናየው ነገር አልነበረም፤ ነጭ ብቻ። ተቀመጥን። እጄን አላውቀውም ነበር፤ ደንዝዟል። እናቴ ግን የሚነሳ ሰው አትመስልም ነበር። ቆይቶ ነፋስ መጣና ጉሙን በምዕራብ በኩል ቀደደው። ከሩቅ የዝዋይ ሐይቅ አበራ። ከእግራችን ስር፣ በዝግባና በባሕር ዛፍ መሃል፣ አሰላ ነበረች፤ ሁሉም ቆርቆሮዋ ተሰብስቦ እፍኝ የማይሞላ።

"የኛ በረንዳ የትኛው ነው?" አለች እናቴ።

አባቴ ዓይኑን አጥብቦ ፈለገ። "አይታይም።"

"ጥሩ" አለች።

ውሃ ሆነን፣ ጭቃ ሆነን፣ እየዘመርን ወረድን። ከአዴ ቤት አጥር ዳር አጎቴ በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ጃንጥላ ይዘው ጠበቁን። ከበቆጂ ድረስ መጥተዋል። አልወረዱም።

"ዕቃችሁን ሰብስቡ" አሉ አባቴን። "ከተማው ሁሉ መሳቂያ አደረገኝ። ወንድምህ ሚስቱን ሱሪ አልብሶ ጭሰኛ ጎጆ ውስጥ አሳደራት ይሉኛል። አሁኑኑ ከእኔ ጋር ትሄዳላችሁ።"

"ጋሼ፣ ይውረዱና እሳት ይሙቁ" አለ አባቴ።

"እሳት አላልኩም! ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም?"

"አሳድገውኛል። እግዜር ይስጥልኝ።" አባቴ ከጢሙ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ በእጁ ጠረገ። "ግን አንሄድም።"

አጎቴ እናቴን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "እሷ ናት አልሄድም ያለችው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

በሕይወቴ አባቴ ለወንድሙ እንዲህ ሲመልስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድምፁን አላነሳም። ከተናገረ በኋላ ግን እንደ በቆጂው ቀን ዓይኑን መሬት ላይ አልተከለም፤ አጎቴን ቀና ብሎ እያየ ቆመ። እናቴ ተራራው ላይ ያልወጣት እንባ እዚያ አጥር ስር ወጣት። አጎቴ በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ። ሁለት ዓመት ያህል አላናገሩንም። ሚስታቸው ግን በዚያው በጋ ለሕክምና ብላ አሰላ መጥታ ሳለ በረንዳችን ላይ ተቀምጣ ካኪ ሱሪ አሰፋች፤ ከቀሚስ ስር ነው የምለብሰው አለች። እናቴ ድርብ ጉልበት አድርጋ ሰፋችላት።

ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ የት እንረፍ የሚል ጥያቄ አልነበረም። አዴ ቤት እንሄዳለን። ሰፈሩም መሳቅ ሰለቸው፤ ባይሰለቸውም እኛ አንሰማም ነበር።

ሦስተኛው ክረምታችን ለውጡ የመጣበት የስልሳ ስድስት ክረምት ነበር። በየከተማው ሰልፍ ነበር፤ ሰው ቤታችሁ ተቀመጡ አለን፤ እኛ ሄድን። እዚያ በሰነበትንበት ጊዜ የባለመሬቱ ወኪል ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣና፣ መሬቱ ለትራክተር ተፈልጓልና እስከ መስከረም ልቀቁ አላቸው አዴን። አዴ ደጃፋቸው ላይ ገብስ እያበጠሩ ነበር። ማበጠራቸውን አላቋረጡም። "አልወጣም" አሉ በአማርኛ። ከእናቴ የተማሩት ነው።

ወኪሉ ወደ እናቴ ዞረ። "አንቺ የከተማ ሰው ነሽ። ምከሪያቸው እንጂ።"

"መክሬያቸዋለሁ" አለች እናቴ። "እንዳይወጡ ነው የመከርኳቸው።"

ሰውዬው አባቴን አየ። አባቴ ከአዴ ጎን ሄዶ ተቀመጠ። ባለፈረሱ ጎረቤትም መጥቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሌሎች። ወኪሉ ቆሞ ሲጠብቅ ዝናቡ ጀመረ፤ እሱም ሄደ። መስከረም ገባ፤ ንጉሡ ወረዱ፤ ትራክተሩ ሳይመጣ ቀረ። አዴ በዚያ ቤት ሌላ ብዙ ክረምት ኖረው እዚያው አረፉ። ከአጥሩ በላይ፣ ወደ ጫካው የሚወጣው መንገድ ዳር ተቀብረዋል።